ሙዚቃ ልማር ያለ ልጅ ውሉንም ይማር

የ12ኛ ክፍል ፈተና ባለፈ ቁጥር በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ልጁ ወይም ልጅቱ «እኔ ሙዚቃ ነው የምማረው» ይላሉ። አባት ፊቱን ያጠቁራል። እናት «መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ያዝ፣ ከዚያ እንደፈለግህ» ትላለች። አያት ደግሞ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጉት ነው?» ብለው ይቆጣሉ። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ጊታሩን ይነካካል፤ ቤቱም ሳምንት ሙሉ እንደተኮራረፈ ይሰነብታል።

በዚህ ጽሑፍ ወላጅን «ፍቀዱ» ወይም «ከልክሉ» ልል አልተነሳሁም። ልጁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክርክሩን «ሙዚቃ ያበላል ወይስ አያበላም?» በሚለው ላይ ስናደርገው ዋናው ነገር ያመልጠናል። ሙዚቃ ብዙ ሰው ያበላል። ስቱዲዮ የሚያከራየው፣ አሳታሚው፣ የክለቡ ባለቤት፣ ማስታወቂያ ሠሪው፣ ዘፈኑን በኢንተርኔት የሚጭነው ሁሉ ከሙዚቃ ይበላል። መጠየቅ ያለብን «ልጄ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሲቀመጥ ድርሻውን ያውቃል ወይ?» ብለን ነው። ይህ ደግሞ የሚማሩት ነገር ነው።

ሬዲዮው ሲዘፍን

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ከማልረሳቸው ሕመምተኞች አንዱ በወጣትነቱ ስሙ የታወቀ ዘፋኝ ነበር። ማንነቱን አልናገርም፤ የሕመምተኛ ምስጢር ጡረታ ሲወጡም አብሮ ይኖራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዱ አስታማሚ ትንሽ ሬዲዮ ተከፍታ ሳለ የእሱ ዘፈን መጣ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አብረው አንጎራጎሩ። ሚስቱ ግን እዚያው አልጋው አጠገብ የመድኃኒት ማዘዣ ይዛ፣ ከማን እንደምትበደር ከእህቱ ጋር በሹክሹክታ ትመክር ነበር። በኋላ ስንጨዋወት «ለካሴቱ ያኔ አንድ ጊዜ ተከፈለው፤ ፈረመ፤ አለቀ» አለችኝ። ምን ላይ እንደፈረመ የሚያሳይ ወረቀት እንኳ በእጃቸው አልነበረም።

አንባቢ ይህን ታሪክ እንግዳ እንደማይሆንበት አውቃለሁ። ለታመመ ድምፃዊ፣ ለታመመ የግጥም ደራሲ ገንዘብ ሲዋጣ ብዙ ጊዜ አይተናል። ሕዝቡ እጁን መዘርጋቱ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን በሙያችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን አባባል አጥብቀን እንይዛለን። በሽታው ሥር ሳይሰድ መከላከል ከተቻለ፣ መከላከሉ የሚጀምረው ልጁ ሙያውን በሚማርበት ዕድሜ ነው።

አንድ ዘፈን የስንት ሰው ነው?

ብዙዎቻችን ዘፈን ስንሰማ የምናውቀው ድምፃዊውን ብቻ ነው። ከጀርባው ግን ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የደረሰ፣ ያቀናበረው፣ መሣሪያ የተጫወቱት፣ ድምፁን የቀረፀውና ሚክሲንግና ማስተሪንግ የሠራው አሉ። በመጨረሻም ገንዘብ አውጥቶ ለገበያ የሚያቀርበው አሳታሚ ወይም ፕሮዲዩሰር አለ። አንድ ሰው ሁለት ሦስቱን ሊይዝ ይችላል። በአገራችን ሲሠራበት የኖረው ልማድ ግን ድምፃዊው ግጥሙንና ዜማውን ከደራሲዎቹ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዛና፣ የተጠናቀቀውን ሥራ ደግሞ እሱ ለአሳታሚው በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጠው ነበር። እያንዳንዱ አንድ ቀን ተከፍሎት ይለያያል።

ነገሩን በቤት ምሳሌ ላስረዳ። ቤት የሠራ ሰው ሊሸጠው ወይም ሊያከራየው ይችላል። ከሸጠው ካርታው በገዢው ስም ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ እጥፍ ቢያወጣ ሻጩን አይመለከተውም። ካከራየው ግን በየወሩ ኪራይ ይቀበላል፣ ለልጆቹም ያወርሰዋል። የሙዚቃ መብትም እንደዚሁ ይሸጣል፣ ይከራያልም። በሙያው «ማስተር» የሚባለው የመጀመሪያው ቅጂ ባለቤትነት ልክ እንደ ቤት ካርታ ነው። ብዙ ወጣት ዘፋኝ የሚጎዳው አከራየሁ ብሎ ሲሸጥ ነው።

ሙዚቀኛውና ነጋዴው

ሁለቱን የሙዚቃ ጎኖች፣ የፈጠራውንና የንግዱን፣ ለማየት ከራሳችን ታሪክ ሁለት ሰዎችን ማንሳት ይበቃል።

አንደኛው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለደ። ቤተሰቡ ወደ ዌልስ የላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። እዚያ ሳለ ወደ ሙዚቃ አዘነበለና በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ቦስተን በርክሊ ተማረ። የበርክሊ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ እሱ ነው። የእኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋህዶ ኢትዮ-ጃዝን ፈጠረ። ያ ትምህርት ቤት በ2004 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጠው። «ልጄ ምሕንድስናውን ትቶ ሙዚቃ አለ» ብሎ የሚተክዝ አባት ይህን ታሪክ ቢያውቀው አይጎዳም። ግን ልብ በሉ፤ ሙላቱ የሄደው ወደ ትምህርት ነው። ተሰጥኦውን ይዞ እንዲሁ መድረክ ላይ አልወጣም፤ ንድፈ ሐሳቡን፣ ኖታውን፣ ቅንብሩን ከሥሩ ተማረ።

ሁለተኛው አምሃ እሸቴ ነው። እሱ ዘፋኝም መሣሪያ ተጫዋችም ሆኖ አልታወቀም። ነጋዴ ነበር። በዚያን ዘመን ሙዚቀኞች በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በሀገር ፍቅር ማኅበር የሚሠሩ ደመወዝተኞች ነበሩ። ሸክላ ማሳተምም በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ያንን ክልከላ ደፍሮ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን መሠረተ። የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ የታተመውም ሕንድ አገር ነው። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። በ1967 ዓ.ም. አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ የዘመኑን ድምፅ በሸክላ አስቀረልን።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ አልበሞች ሲያሳትም ከአምሃ ጋር ተዋውሎ ከእነዚያ ቅጂዎች ብዙውን ወሰደ። ከአልበሞቹ አራተኛው ለሙላቱ ሥራዎች የተሰጠ ነው። በ1997 ዓ.ም. «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ውስጥም የሙላቱ ሙዚቃ ገባና ዓለም እንደ አዲስ አወቀው። እስቲ አስቡት፦ አንድ ሰው ባይደርሰው ሙዚቃው አይኖርም፤ ሌላ ሰው ባያሳትመውና ቅጂውን ባይጠብቀው ኖሮ እኛ ጋ አይደርስም ነበር። ልጃችን ከሁለቱ አንዱን ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ቢያውቅ ደግሞ ይበልጥ ይበረታል።

ከቅርቡ ዘመን ኤልያስ መልካን ማንሳት ይቻላል። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ተምሮ፣ የራሱን ስቱዲዮ ከፍቶ፣ በርካታ ታዋቂ አልበሞችን አቀናበረ። በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ግን ጉልበቱን ያፈሰሰው በቅጂ መብት ጉዳይ ላይ ነበር። ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሙዚቃ በስልክ የሚሸጥበትን «አውታር» የተባለ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረቡ። እሱ በመስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ያን የመሰለ አቀናባሪ ጊዜውን ለሽያጭና ለመብት ጉዳይ መስጠቱ ለወላጅም ለተማሪም ትምህርት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በአገራችን ለሙዚቃ ሥራ ጥበቃ ይሰጣል። ወላጅ ሕግ አዋቂ መሆን አይጠበቅበትም፤ እነዚህን አራት ነጥቦች ቢይዝ ግን ለልጁ ብዙ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ሥራው እንደተፈጠረ ጥበቃ ያገኛል። መብቱ ለመኖር ምዝገባ አይጠይቅም። ሆኖም ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ያስፈልጋልና በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ ቅጂ አስቀምጦ ማስመዝገብ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ይህ ለሚስት፣ ለባል፣ ለልጆች የሚተላለፍ ውርስ ነው። አያቶች ይህን ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። መሬት ሲወረስ ወንድምና እህት እንዳይጣሉ እንደምትጠነቀቁ ሁሉ፣ ቤታችሁ ውስጥ ግጥም ወይም ዜማ የደረሰ ሰው ካለ ያም ንብረት ነው።

ሦስተኛ፣ ለድምፃዊውና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሩም የየራሳቸው መብት ለ50 ዓመት ተጠብቆላቸዋል። የዘፋኙ መብት ከደራሲው መብት የተለየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይውጠውም።

አራተኛ፣ የገንዘብ መብት ለሌላ ሰው ሲተላለፍም ሆነ ሲፈቀድ በጽሑፍ መሆን አለበት። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። እኛ ነርሶች ስንሠለጥን ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል እየተባልን ነው የተማርነው። መርፌውን ወግተህ ካልጻፍክ፣ ተረኛው ደግሞ ሊወጋ ይችላል። በሙዚቃም ያልተጻፈ ስምምነት ሁለት ጊዜ ይሸጣል።

ምን ይማር? የት ይማር?

የፈጠራው ጎን ትምህርት ሰፊ ነው፤ ኖታ ማንበብና መጻፍ፣ ጆሮን ማሠልጠን፣ አንድ መሣሪያ በሚገባ መያዝ፣ ዜማ መድረስ፣ ማቀናበርና ድምፅ መቅረፅን ይይዛል። ከእነዚህ ጋር የራሳችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አሉ። ቅኝቱን በደንብ የሚያውቅ ልጅ ከየትም አገር ሙዚቀኛ ጋር ቢቀመጥ የራሱ የሆነ ነገር ይዞ ይቀመጣል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዚህ የቆየው ቤት ነው። ፒያኖና ቫዮሊን ከክራር፣ ከማሲንቆና ከዋሽንት ጎን ለጎን ይሰጡበታል። ለመግባት የወረቀት ውጤት ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ተጫውቶ ይፈተናል። ስለዚህ ሙዚቃ የሚፈልግ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤት እስኪመጣ ድረስ መሣሪያውን አስቀምጦ መጠበቅ የለበትም፤ ዝግጅቱ ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ይጀምራል። በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ውስጥም የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ።

የንግዱ ጎን ደግሞ ውል፣ የመብት ሕግ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ ማፈላለግ፣ ኮንሰርት ማዘጋጀት፣ ማናጀርነት ነው። ሙላቱ በተማረበት በበርክሊ ይህ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆኖ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። አሜሪካ የልጅ ልጅ ያላችሁ አያቶች «ሚውዚክ ቢዝነስ እማራለሁ» ብሎ ቢነግራችሁ ግር አይበላችሁ፤ የታወቀ ሙያ ነው። እዚህ አገር ላለ ልጅ መንገዱ ትንሽ ዞር ይላል። አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ ወይም ሕግ የሚማር ልጅ በጎን ሙዚቃውን ቢይዝ፣ ወይም ሙዚቃ የሚማረው ልጅ የክረምት አጭር የሒሳብ አያያዝ ሥልጠና ቢወስድ፣ ሁለቱ እውቀቶች እጁ ላይ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ «መጀመሪያ ሌላ ዲግሪ ያዝ» ለምትል እናት አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ንግግርሽ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዲግሪውን ከሙዚቃ ማምለጫ አድርገሽ ስትነግሪው ልጁ ይሸሻል። «ሙዚቃህን የምታስተዳድርበት ይሁንልህ» ብለሽ ብታቀርቢው ግን ይሰማሻል። ደግሞም መዝፈን የማይችል፣ ነገር ግን ሙዚቃ የሚወድና ሒሳብ የሚችል ልጅ ብዙ ነው። ለእሱም በዚህ ሙያ ውስጥ ቦታ አለ።

ከመፈረም በፊት

ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው በሕግ ፊት ለውል የሚቆምለት ወላጁ ወይም ሞግዚቱ ነው። ስለዚህ ታዳጊ ድምፃዊ ያላችሁ ወላጆች ብዕሩ በእጃችሁ ነው። የሚከተሉትን አስተውሉ፦

• ውሉ በቀረበበት ቀን አትፈርሙ። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ዕድሉ ያመልጣል» የሚል ሰው ካለ፣ ያ ራሱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፣ ሕግ የሚያውቅ ሰው አስነብቡ።

• «ሽያጭ ነው ወይስ ኪራይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለስንት ዓመት? ለየትኛው አገር? ለካሴትና ለሲዲ ብቻ ነው ወይስ ለኢንተርኔት፣ ለማስታወቂያና ለስልክ የጥሪ ማሳመሪያም ጭምር? «ለማንኛውም አገልግሎት፣ ለዘለዓለም» የሚል ቃል ካያችሁ ቆም በሉ።

• ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የሚሠራ ከሆነ ድርሻቸውን ስቱዲዮ ሳይገቡ ይጻፉ። ለምሳሌ አንድ ዘፈን 100 ብር ቢያስገባ ለግጥሙ ስንት፣ ለዜማው ስንት፣ ለቅንብሩ ስንት፣ ለድምፃዊው ስንት? ዘፈኑ ሳይታወቅ መስማማት ቀላል ነው፤ ከታወቀ በኋላ ግን ወዳጅነትም ይፈርሳል።

• የዩቲዩብ ቻናሉ በማን ስም ነው የተከፈተው? የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? ክፍያው የሚገባው በማን የባንክ ሒሳብ ነው? ልጁ ዘፍኖ ቻናሉ የሌላ ሰው ከሆነ፣ በሰው መሬት ላይ ቤት እንደመሥራት ነው።

• የመጀመሪያውን የግጥም ረቂቅ፣ በስልክ የተቀዳውን ዜማ፣ የተላላኩትን መልእክት ከነቀኑ ያስቀምጥ። የፈረማቸው ወረቀቶች ቅጂ በአንድ ፋይል ቤት ውስጥ ይኑር።

• በክለብና በሰርግ የሚሠራ ሙዚቀኛ ብዙ ጊዜ በየወሩ የሚቆረጥለት ጡረታ የለውም። ሥራ በሚበዛባቸው የሰርግ ወራት ከሚያገኘው ላይ ለጾም ወቅትና ለሕመም ቀን ማስቀመጥን ከመጀመሪያው ክፍያው ይልመድ።

• ሴት ልጅ ማታ የምትሠራ ከሆነ ስንት ሰዓት እንደምትጨርስና በምን እንደምትመለስ ከክፍያው ጋር አብሮ ይጻፍ። መጓጓዣ የአሠሪው ግዴታ ሆኖ በውል ሲገባ ልመና መሆኑ ይቀራል።

ጆሮና ጉሮሮ

ነርስ ነኝና ይህን ሳልናገር ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። የሙዚቀኛ ዋና መሣሪያው ጆሮው ነው። ድምፅ 85 ዴሲቤል ሲደርስ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መስማት ጆሮን ይጎዳል፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ሳይጎዳ የሚሰማበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ክለብ ውስጥ፣ ስፒከር ሥር፣ ድምፁ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። በጩኸት የሞተ የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። ልጁ ከልምምድ ሲመለስ «ጆሮዬ ይጮሃል» ካለ ችላ አትበሉት። የጆሮ መሰኪያ ይጠቀም፣ በየመሃሉ ይረፍ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ድምፅ ይቀንስ።

ለዘፋኝ ደግሞ ጉሮሮ አለ። ውሃ ይጠጣ፣ ሳያሟሙቅ አይዝፈን፣ ጉንፋን ይዞት አይጩኽ። ሲጋራና መጠጥ ድምፅን ይጎዳሉ፤ ጫት እንቅልፍ ያሳጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ድምፁም ትዕግሥቱም ያልቃል። ድምፁ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። «ዝንጅብል ጠጥቼ ይሻለኛል» እያለ ወራት አያሳልፍ። ወላጅን የሚያስፈራው የማታው ሕይወት መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ሥራውን በውልና በሰዓት የሚሠራ ልጅ ማታ ወጥቶም ሥርዓት ያለው ሰው መሆን ይችላል። የሌሊት ተረኛ ነርስም ማታ ነው የምትሠራው።

ለአያቶች

አንድ ነገር ለእናንተ፣ ለእኩዮቼ። እኛ ወጣት ሳለን ዘፋኙን ወደነው፣ ልጃችን ግን ዘፋኝ እንዳይሆን ጸለይን። ፍርሃታችን ባዶ አልነበረም፤ ዘፍነው ያለ ጥሪት የቀሩ ሰዎችን በዓይናችን አይተናል። ዛሬ ግን ልጁ የሚማርበት ቤት አለ፤ የሚጠብቀው ሕግ አለ፤ ሥራውን ከጓዳው ሆኖ ለዓለም የሚያደርስበት ስልክ በእጁ አለ። የጎደለው ብዙውን ጊዜ አጠገቡ ተቀምጦ ውሉን የሚያነብለት ትልቅ ሰው ነው።

ኖታ ማንበብ ላትችሉ ትችላላችሁ። ቤት ስትገዙና ስትሸጡ፣ ዕቁብና ዕድር ስትመሩ፣ ልጅ ስትድሩ ኖራችኋልና ውል ግን ታውቃላችሁ። «ምስክሩ ማን ነው? ካርታው በማን ስም ነው?» ማለትን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የልጅ ልጃችሁ አዲሱን ዜማውን ሊያሰማችሁ ሲመጣ እስከ መጨረሻው አድምጡት። ከወደዳችሁት መርቁት። ከዚያ «የኔ ልጅ፣ ይህ ዜማ በማን ስም ተጽፏል?» በሉት።